ጋሽ ልኩና ያልተስማሙት ሁለት ቁጥሮች

በየቤተሰቡ፣ ደህና የሚሠራ ነገር ዝም ብሎ ሲሠራ ማየት የማያስችለው አንድ ሰው አለ። «እኛ ቤት የለም» የምትሉ ካላችሁ፣ ምናልባት ያ ሰው እናንተው ናችሁ። ይህ ሰው የተበላሸ ነገር አያስጨንቀውም፤ ለተበላሸ ነገር ጠጋኝ አለው። እሱን ሰላም የሚነሳው ደህናው ነው። ደህና የሆነ ነገር ትንሽ ቢነካካ ከዚህም የበለጠ ደህና ይሆን ነበር የሚል ሐሳብ ልቡን ሲበላው ይኖራል።

በእኛ ቤተሰብ ይህን ከፍተኛ ሥልጣን የያዙት የታላቅ እህቴ ባል ናቸው። ሰፈሩ «ጋሽ ልኩ» ይላቸዋል። ስማቸው አይደለም። ማንኛውንም ነገር አይተው፣ ዳሰው፣ ጆሯቸውን ጠጋ አድርገው አዳምጠው ሲያበቁ «ልክ ናት፤ ግን ልኳ አይደለም» ስለሚሉ የወጣላቸው ነው። በልክና በልኳ መካከል ያለው ልዩነት ምን እንደሆነ የጠየቀ ሁሉ አመሻሹን እዚያው ስላሳለፈ፣ አሁን የሚጠይቅ የለም።

ክቡርነታቸው የሚተዳደሩት በመነጽር ሥራ ነው። ሰው ወንበር ላይ አስቀምጠው፣ ዓይኑ ፊት መስታወት እየቀያየሩ «እንዲህ ይሻላል፣ ወይስ እንዲህ?» ሲሉ ይውላሉ። ችግሩ፣ ሱቁን ዘግተው ሲወጡ ጥያቄውን አብረው ይዘውት መውጣታቸው ነው። እህቴ መጋረጃ ስትሰቅል፣ አብራቸው የምትኖረው እናቴ ትራሷን ስታመቻች፣ እኔ ሶፋው ላይ እግሬን ሳጣጥፍ፣ ከኋላ ያው ድምፅ ይመጣል፤ «እንዲህ ይሻላል፣ ወይስ እንዲህ?» አንድ ጊዜ ተናድጄ «ሁለቱም አንድ ናቸው!» ብላቸው፣ በሐዘኔታ አይተውኝ፣ በማግስቱ ሱቃቸው ሄጄ ዓይኔን እንድመረመር ቀጠሮ ያዙልኝ።

የጥርስ ሐኪም ዘንድ ሄደው፣ አፋቸው በጥጥ እንደተሞላ ከወንበሩ ተነሥተው የሐኪሟን መብራት አጥብቀዋል። መብራቱ ከዚያ ወዲህ ንቅንቅ ብሎ አያውቅም። ጥርሱ ግን ሳይነቀል ሌላ በሽተኛ ገባ። የአክስቴ ልጅ ሠርግ ላይ የሙሽራዋ አባት ንግግር ሲያደርጉ፣ ጋሽ ልኩ ከመቀመጫቸው ሹልክ ብለው የድምፅ ማጉያውን ቁልፎች ማዟዟር ጀመሩ። ድምፁ ከመጥራቱ የተነሣ፣ አባትየው ለሚስታቸው «ይሄ ሰውዬ ደግሞ ማነው?» ሲሉ ያንሾካሾኩት አዳራሹ በሙሉ ሰማው። ጋሽ ልኩ አልከፋቸውም። «አየህ ጥራቱን?» አሉኝ።

ይህ ሁሉ ግን ከመኪናዋ በፊት ነው።

እህቴ ኬክ እየጋገረች ለየካፌው ታከፋፍላለች። የምታመላልስባት «ግራጫዋ» የምንላት አሮጌ መኪና ናት፤ የኋላ ወንበሯ ወልቆ፣ በቦታው የኬክ ትሪ የሚደረደርበት መደርደሪያ ተሠርቶላታል። ግራጫዋ ከሌለች ኬክ የለም፤ ኬክ ከሌለ የቤቱ ግማሽ ገቢ የለም። አንድ ክፉ ዝናብ በኮፈኑ ጥግ ሰርጎ ገባና ሞተሩን የሚያዘው ኮምፒዩተር ላይ አደረ። ኮምፒዩተሩ አረፈ።

የሰፈሩ መካኒክ፣ ሆዱ ከእጁ ቀድሞ ሞተሩ ላይ የሚደርስ ሰው ነው፣ መጥቶ አየና ራሱን ነቀነቀ። «የዚህ ኮምፒዩተር ዘሩ ጠፍቷል። ሽጧትና ተገላገሉ» አለ።

እህቴ ዓይኗ እንባ ሞላ። ጋሽ ልኩ ግን፣ ፈጣሪ ይቅር ይበላቸውና፣ ፊታቸው በራ። ለመደበቅ ሞክረዋል፤ ፂማቸውን አሻሹ፣ ሳል ሳል አሉ፣ ግን ሁላችንም አየነው።

«ለየትኛውም ሞተር የሚሆን ኮምፒዩተር አለ» አሉ። «ሲመጣ ምንም አያውቅም፤ ልክ እንደ ሕፃን ነው። ቤንዚን መቼና ምን ያህል እንደሚረጭ፣ እሳት መቼ እንደሚሰጥ፣ ሁሉንም የሚያስተምረው ባለቤቱ ነው።»

«አስተማሪው ማን ሊሆን ነው?» አለች እህቴ፣ መልሱን እያወቀች።

ሕፃኑ መጣ። ጋሽ ልኩ ጋቢና ውስጥ ላፕቶፕ ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ያስተምሩት ጀመር። ታዲያ ሕፃን የበላው ልክ ይሁን አይሁን በምን ይታወቃል? ለዚህም ሁለተኛ ዕቃ መጣ፤ የኦክስጅን ሴንሰር፣ ያውም ከጥቂቱ እስከ ብዙው ድረስ ለክቶ በቁጥር የሚናገረው ዓይነት። ጭስ ማውጫው ተበስቶ እዚያ ውስጥ ይገባል፤ የሚወጣውን ጭስ ያሸትና በአየርና በቤንዚን መካከል ያለውን ሚዛን ይናገራል። የተባረከው ቁጥር አሥራ አራት ነጥብ ሰባት ነው። ለአንድ እጅ ቤንዚን ያን ያህል እጅ አየር ማለት ነው። ከዚያ ከወረደ ቤንዚን በዝቷል፤ ከወጣ አየር በዝቷል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ ቤት ሌላ ወሬ ቀረ። እናቴ ደም ግፊቷን ተለክታ ስትመለስ ቁጥሩን ብትነግራቸው፣ «ትንሽ ቤንዚን በዝቷል» አሉ ይባላል።

ሴንሰሩ ግን ከመታሰሩ በፊት ንጹሕ አየር ምን እንደሆነ መማር ነበረበት። «የንጹሑን ልክ ሳያውቅ የቆሸሸውን በምን ይለካል?» አሉ ጋሽ ልኩ፣ እኔ እንኳ ለአፍታ ፍልስፍና መስሎኝ ነበር። ውስጡ ያለው ማሞቂያ በኤሌክትሪክ እየጋለ፣ ሴንሰሩ በገዛ ሽቦው ከልብስ ማስጫው ገመድ ላይ ተንጠለጠለ። ከዚያም አዋጅ ወጣ፤ ግቢው ውስጥ ሲጋራ፣ ሽቶ፣ የፀጉር ስፕሬይ፣ የሚጨስም የሚተንም ነገር ክልክል ነው። ምድጃው እንዲጠፋ ሲታዘዝ እህቴ ብቅ አለች።

«ኬኩ ግማሽ መንገድ ላይ ነው» አለች።

«ትንሽ ይታገሥ።»

«ኬክ አይታገሥም! አንተ ሰው፣ ለብረት ብለህ ኬኬን ልታስተኛው ነው?»

ኬኩ መሃሉ ሰርጎ ተኛ። እሱ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር፤ ልክ በዚያ ሰዓት ጡረተኛው ጎረቤታቸው የብረት በሩን ቀለም መቀባት ጀመረ። የቀለሙ ሽታ አጥሩን ተሻግሮ መጣ። ጋሽ ልኩ ወንበር ላይ ወጥተው አንገታቸውን ከአጥሩ በላይ ብቅ አደረጉ።

«ጋሼ፣ እባክዎ ቀለሙን ትንሽ ያቆዩልኝ። አየሩን እያበላሹብኝ ነው።»

«የማንን አየር?» አለ ጡረተኛው፣ ብሩሹን እንደያዘ።

«የሴንሰሬን።»

ጡረተኛው ገመዱ ላይ የተንጠለጠለውን ብረት አሻግሮ አየ። «ልጄ፣ ዕድሜ ልኬን ሹፌር ነበርኩ» አለ። «መኪና ስታስነጥስ አይቻለሁ፤ አየር ስትመርጥ ግን ገና ማየቴ ነው።» ቢሆንም ብሩሹን አስቀመጠና፣ እሱም ወንበር አምጥቶ ከአጥሩ በላይ ሴንሰሩን ሲመለከት ዋለ። እንዲህ ያለ ነገር በጋሽ ልኩ ዙሪያ ሁልጊዜ ይሆናል። ሊሳደብ የመጣ ሰው ወንበር ይዞ ይቀራል።

ሴንሰሩ አየር ተማረ፣ ጭስ ማውጫው ላይ ታሰረ፣ ግራጫዋም ተነሣች። የቤቱ ሰው ሁሉ አጨበጨበ። እዚህ ላይ ነገሩ ቢያልቅ እኔም ዛሬ ስለሌላ ሰው እጽፍ ነበር።

ሴንሰሩ ቁጥሩን በሁለት ቦታ ይናገራል፤ አንዱ ዳሽቦርዱ ላይ ያለች ትንሽ ክብ መለኪያ ናት፣ ሌላው አዲሱ ኮምፒዩተር ነው፤ የእሱ ቁጥር ላፕቶፑ ላይ ይታያል። ሁለቱም የሚሰሙት ከአንድ ሴንሰር ነው። ሁለቱ ግን አልተስማሙም። ላፕቶፑ አሥራ አራት ነጥብ ሰባት ሲል፣ ክቧ መለኪያ አሥራ ሦስት ትላለች። ከአንድ ሰው አፍ ሰምተው ሁለት ዓይነት ወሬ ይዘው እንደሚመለሱ ጎረቤታሞች።

ጋሽ ልኩ ላፕቶፑን አመኑ። «እሱ የተማረ ነው» አሉ፤ ያስተማሩት ራሳቸው ስለሆኑ እንደ አባት አዳልተው ነው። ኮምፒዩተሩም አየር የበዛ እየመሰለው ቤንዚን መጨመሩን ቀጠለ። ሞተሩ ላይ ያፈሰሰው ቤንዚን ወደ ጭስ ማውጫው ሄደ፣ ከዚያ ሽታው ወደ መኪናዋ ውስጥ፣ ከዚያ ወደ ኬኩ።

መጀመሪያ የተናገረችው አንዲት የካፌ ባለቤት ነበረች። ኬኩን ከነካርቶኑ መልሳ፣ «እህቴ፣ ቫኒላው ጥሩ ነው፤ ግን ክብሪት አጠገቡ ለመጫር ፈራሁ» አለቻት። ሌላው ካፌ ምንም አላለም፤ ማዘዙን ብቻ አቆመ። እህቴ ኬኩን በላስቲክ ላይ ላስቲክ ጠቅልላ ሞከረች። መስኮት ከፍታ ሞከረች፤ ክሬሙ ላይ አቧራ ተነሰነሰበት።

ዓመታዊው የመኪና ምርመራም ደረሰ። መርማሪዋ የራሷን መለኪያ ጭስ ማውጫው ውስጥ ሰካች፣ ቁጥሩን አየች፣ አፍንጫዋን ያዘች።

«ይሄ መኪና ነው ወይስ ኩራዝ?»

ጋሽ ልኩ ላፕቶፑን ይዘው ወረዱ። «እዩት እስቲ፣ አሥራ አራት ነጥብ ሰባት። ልክ ነው።»

«የእርስዎን እዚያው ያቆዩት፤ የእኔ የሚለው ወድቃለች ነው» አለች መርማሪዋ። «አስተካክለው ይምጡ። በሚቀጥለውም ከወደቀች ሰሌዳዋ ይፈታል።»

እህቴ በዚያ ቀን አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻል ነበር። ማታ ላይ ደወለችልኝና በቀዝቃዛ ድምፅ፣ አሮጌ መኪና ገዝቶ የሚፈታታ ነጋዴ አግኝታ መነጋገሯን ነገረችኝ። ቅዳሜ ከሰዓት ይመጣል። «አንተም ና» አለች። «እሱን የሚይዝልኝ ሰው ያስፈልገኛል።»

ቅዳሜ ስደርስ ጋሽ ልኩ ጋራዡ ውስጥ፣ የግራጫዋ ሞተር እየሠራ፣ በሩ ሁሉ ተከፋፍቶ፣ ጋቢናው ውስጥ ተቀምጠዋል። ፂማቸው ተንጨባሯል። ኮምፒዩተሩ በራሱ ምንም እንዳያርም ከልክለው፣ ሁለቱን ቁጥሮች ተራ በተራ እያዩ ነበር፤ ሁለት ልጆቹ ሲጣሉ የትኛው እንደዋሸ እንደማያውቅ አባት።

«ሽቦውን ቀየርኩ» አሉኝ ሳይጠየቁ። «ሴንሰሩን እንደገና አየር አስተማርኩት። ለኮምፒዩተሩ ሚዛኑን ከሀ ጀምሬ አስረዳሁት። አሁንም ያው ናቸው።» ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ምን አደረግኳት?» አሉ። ስለ መኪናዋ ይሁን ስለ እህቴ አልገባኝም።

እህቴ መጣች። ባሏን ሳታይ፣ ትሪዎቿን ከመደርደሪያው ላይ ማውረድ ጀመረች። አንዱ ትሪ ተቀርቅሮ አልወጣ አላት። ጋራዡ ውስጥ ደብዘዝ ብሎ ስለነበር በንዴት በጋቢናው መስኮት እጇን ሰዳ የግራጫዋን መብራት አበራችው።

«ምን ነካሽ?» አሉ ጋሽ ልኩ።

«ምንም አልነካሁም! እንዲታየኝ ብዬ ነው።»

«አጥፊው።»

«ትሪዬን ላውጣበት!»

«እባክሽ፣ እመቤቴ፣ አጥፊው።»

አጠፋችው።

«አብሪው።»

እህቴ ዞር ብላ እኔን አየችኝ። ዓይኗ ውስጥ የነበረው፣ ያዝልኝ ያለችኝ ሰዓት ደርሷል የሚል ነው። እኔም አንድ እርምጃ ተራመድኩ። ግን አበራችው፤ ያን ጊዜ እኔም አየሁ። መብራቱ ሲበራ የላፕቶፑ ቁጥር ዘለል ብሎ ወጣ። ክቧ መለኪያ ንቅንቅ አላለችም። ሲጠፋ ላፕቶፑ ተመልሶ ወረደ። ጭሱ ያው ጭስ ነው፤ ሞተሩ ያው ሞተር ነው። መብራት ከጭስ ጋር ምን አገናኘው?

ጋሽ ልኩ ዳሽቦርዱ ሥር በጀርባቸው ገቡ። የሚታዩት ጫማዎቻቸው ብቻ ነበሩ። ከዚያ ከሥር ድምፅ መጣ፤ መጀመሪያ ሳቅ መሰለኝ፣ ቀጥሎ ለቅሶ፣ በመጨረሻ ሁለቱም ሆኖ ተገኘ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሴንሰሩንና የክቧን መለኪያ ኔጋቲቭ ሽቦ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ የሚመለስበትን፣ በራሳቸው እጅ ዳሽቦርዱ ሥር ካለ ብሎን ላይ አስረውታል። የኮምፒዩተሩ ኔጋቲቭ ደግሞ ሞተሩ ላይ ነው የታሰረው። ሁለቱ ብሎኖች አንድ መኪና ላይ ቢሆኑም፣ በመካከላቸው ያለው አሮጌ ቆርቆሮ የመብራቱንም የሌላውንም ኤሌክትሪክ ሲያመላልስ ትንሽ ያጓድላል። ስለዚህ መለኪያዋና ኮምፒዩተሩ ዜሮ ብለው የሚነሡበት ቦታ የተለያየ ነው። አንዱ ከመሬት ሲለካ ሌላው ከደረጃው ላይ ቆሞ እንደሚለካ ማለት ነው። ሁለቱም አልዋሹም።

ሞተሩን አጥፍተው፣ ሽቦውን ፈትተው ከኮምፒዩተሩ ጋር አንድ ብሎን ላይ አሰሩት። ሞተሩ ተነሣ። እህቴ ትሪዋን ደረቷ ላይ እንዳቀፈች በመስኮቱ አጎንብሳ ታያለች። አሁን ሁለቱም ቁጥሮች አንድ ዓይነት ሆኑ፤ አሥራ ሦስት አሥራ ሦስት። ያን ጊዜ ኮምፒዩተሩ እንዲያርም ፈቀዱለት። እውነቱን የሰማው ሕፃን ቤንዚኑን ቀስ በቀስ ቀነሰ፤ አሥራ ሦስት ተኩል፣ አሥራ አራት፣ አሥራ አራት ነጥብ ሰባት። ሁለቱም እኩል። የሞተሩ ድምፅ እንኳ፣ እኔ ደንቆሮው ሳልቀር እስክሰማው ድረስ፣ ጉሮሮው የተከፈተለት ሰው መሰለ።

ነጋዴው የደረሰው ይሄኔ ነው። ጋሽ ልኩ ክንዱን ይዘው ወደ ጋቢናው ጎተቱት።

«እይልኝ እስቲ» አሉና መብራቱን አበሩ፣ አጠፉ። «እንዲህ ይሻላል፣ ወይስ እንዲህ?»

ነጋዴው ላፕቶፑን አየ፣ መለኪያዋን አየ፣ እኔን አየ። «ምን ልዩነት አለው?»

«ምንም!» ብለው ጮኹ ጋሽ ልኩ፣ እንባቸው በፂማቸው ላይ እየወረደ። «ምንም ልዩነት የለውም!»

ነጋዴው ወደ እህቴ ዞረና ቀስ ብሎ፣ «እመቤት፣ የምትሸጪልኝ መኪናዋን ነው አይደል?» አላት። እህቴ ትሪውን መደርደሪያው ላይ መልሳ አስቀመጠች። «ይቅርታ ወንድሜ» አለች፣ «ሁለቱንም ላስቀራቸው ነው።»

ግራጫዋ ምርመራውን አለፈች። መርማሪዋ መለኪያዋ የተበላሸ መስሏት ሁለት ጊዜ ሰካችው። ማዘዝ ያቆሙት ካፌዎች ተመለሱ። ጡረተኛውም በሩን ቀብቶ ጨረሰ። ሁሉም ነገር ልክ ሆነ።

ከዚያም አንድ ቀን እህቴ ደወለች። ድምፅዋ ደስ አላለኝም።

«ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው የዋለው» አለች። «ዝም ብሎ።»

«አመማቸው እንዴ?»

«አላመመውም። ጨርሷል።»

ሄጄ አየኋቸው። ከሱቅ መጥተው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ግድግዳውን ያያሉ። ማድጋ እንደተሰበረበት ሰው ናቸው። እናቴ ሆን ብላ የክፍሏ በር ሲከፈት ሲጥጥ እንደሚል ነገረቻቸው፤ ተነሥተው ዘይት ቀብተው ተመልሰው ተቀመጡ። በር ምን ይበቃቸዋል? የሰፈሩ ሰዎች እንኳ በሩ ላይ ቆም ብለው «ደህና ናቸው?» ይላሉ። ለካስ የዚያ ሰፈር ጸጥታ የሚያስፈራ ነገር ነው። እኔም ሶፋው ላይ እግሬን አጣጥፌ ብዙ ብቆይ፣ እንዲህ ይሻላል ወይስ እንዲህ የሚለኝ ጠፋ። ሰው እንዲህ ያለ ነገር ይናፍቀኛል ብሎ በሕይወቱ አያስብም።

መኪናዬ ደህና ናት። ከያዝኳት ጀምሮ አንድ ቀን አስቸግራኝ አታውቅም። በማግስቱ ጠዋት እሷኑ ይዤ ግቢያቸው ውስጥ አቆምኳት።

«ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ላስቸግርዎ ነው» አልኳቸው። «ቆማ ስትሠራ ትንሽ ትንቀጠቀጥብኛለች።»

ቀና አሉ። «ሞተሩ ቀዝቃዛ ሲሆን ነው ወይስ ከሞቀ በኋላ?»

ለዚህ ውሸት አላዘጋጀሁም። «ሁለቱም» አልኩ።

«ሁለቱም!» አሉ፣ የወርቅ ሰዓት እንደሸለምኳቸው። ኮታቸውን አውልቀው ወንበሩ ላይ ጣሉ፣ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ፣ ከእኔ ጋር መነጋገራቸውንም ረሱ። ኮፈኑ ሲከፈት ከአጥሩ ማዶ ወንበር ሲጎተት ሰማሁ።

ወጥቼ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ስቆም ስልኬ ጮኸ።

«መኪናህ ምን ሆና ነው?» አለች እህቴ።

«ትንቀጠቀጣለች።»

«ትናንት ገበያ ስታደርሰኝ አልተንቀጠቀጠችም።»

ከበስተኋላዋ ብረት ሲሚንቶ ላይ ሲወድቅ ተሰማኝ፣ ቀጥሎ ፉጨት። ጋሽ ልኩ ማፏጨት እንደሚችሉ አላውቅም ነበር። ዜማው ትንሽ ይወላገዳል፤ ግን ደስተኛ ፉጨት ነው።

«ስማ» አለች እህቴ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ቶሎ ልውሰዳት ብለህ እንዳትመጣ።»

«እሺ» አልኳት። አውቶቡሱ ሞልቶ ነው የመጣው። የማላውቀው ሰው ዘንቢል ጉልበቴ ላይ ተደግፎ፣ አንድ እጄ ከላይ ያለውን ብረት እንደያዘ፣ ብቻዬን እየሳቅኩ ሥራ ገባሁ።